በስሙ እየጠራን የለመንነው፦ ስለ ጉበት ካንሰር የውስጥ ጨረር ሕክምና ከደሴ የቀረበ ምስክርነት

ምስጋና ለልዑል እግዚአብሔር ይሁን። ደሴ ላይ በሲቲ ስካን የታየው የወንድማችን የጉበት ካንሰር በቀዶ ሕክምና እንደማይወጣ ሲነገረን፣ ጸሎታችን «ማረው» በሚል ብቻ አልተወሰነም። ለውስጥ ጨረር ሕክምና ወደ ህንድ ሲላክ ሐኪሞች የዘረዘሩትን እንቅፋት አንድ በአንድ እየጠራን ለመንን፤ ተሰማን። በዚህ ደዌ የተያዘ ዘመድ ያላችሁ ምን ብላችሁ እንደምትለምኑ እንድታውቁ ዝርዝሩ ይኸውላችሁ።

ጤናማ ጉበት ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ደም የሚያገኘው ከአንጀት በሚመጣው ደም መልስ ነው። ዕጢው ግን በአብዛኛው የሚመገበው ከደም ቅዳው ነው። ፈጣሪ ይህን ልዩነት ባያኖር ኖሮ ሕክምናው ባልታሰበ ነበር። ከ20 እስከ 30 ማይክሮሜትር የሚሆኑ፣ ኢትሪየም 90 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የያዙ የመስታወት ቅንጣቶች በደም ቅዳው ገብተው ዕጢው ውስጥ ይቀራሉ። ጨረሩ በአማካይ 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ይዘልቃል፤ ኃይሉም በየ64 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል።

መጀመሪያ የተለመነው ለደም ምርመራው ነው። ቢሊሩቢን (ጉበት ሲደክም በደም ውስጥ የሚበዛው ቢጫ ንጥረ ነገር) ከ2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ ወይም ሆድ ውሃ ከቋጠረ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ይቀራል። ስለዚህ ጉበትን የሚጎዳ ቅጠላ ቅጠል በዚህ ሰሞን አታጠጡ። ጠበልም ቢሆን ከሂደቱ በፊት ባለው የጾም ሰዓት አይጠጣም።

ከባዱ ከዋናው ሕክምና በፊት ያለው የልምምዱ ቀን ነው። ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ እስከ ጉበት ደም ቅዳ ይገባና፣ ቴክኒሺየም 99ኤም የተባለ መከታተያ ተረጭቶ በካሜራ ይታያል። ብዙ ቤተሰብ «ታከመ» ብሎ እልል የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ገና ነው! ወደ ሳንባ የሚያመልጠው መከታተያ ከበዛ ሕክምናው ይሰረዛል ወይም መጠኑ ይቀነሳል፤ ሳንባ በአንድ ጊዜ ከ30 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በላይ እንዲያገኝ አይፈቀድም። በዋናው ሕክምና ጨረር ያለው ቅንጣት ወደ ጨጓራ ከሄደ ቶሎ የማይሽር ቁስል ያመጣል፤ በዚያ አቅጣጫ የሚወስድ ቅርንጫፍ ካለ በጥቃቅን የብረት ጥቅል ይዘጋል። የወንድማችን ሳንባም ጨጓራም ነጻ ሆነው ተገኙ። ስሙ ይመስገን።

ዋናው ሕክምና ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። ድካም፣ ማቅለሽለሽና መጠነኛ ትኩሳት ይከተላል። ለጥቂት ቀናት ሕፃንና ነፍሰ ጡር አጠገቡ አይቀመጡም፤ ጥየቃ ለሚመጣው ጎረቤት ይህንን ከበር ላይ መንገር ይሻላል። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሆድ ካበጠ ጨረሩ ጤናማውን ጉበት ጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የመጀመሪያው ሲቲ ስካን አያስደንግጣችሁ። ዕጢው የሞተ ሆኖ ሳለ መጠኑ እንዳለ ሊታይ፣ አብጦም ሊሰፋ ይችላል። የሚጠየቀው «ለሲቲ ስካኑ በደም ሥር የሚሰጠውን ቀለም ዕጢው ይቀበላል ወይ?» ነው። የወንድማችን አይቀበልም። ለሄፓታይተስ ቢ (ለጉበት ቫይረስ) የሚወስደው ክኒን ግን አይቋረጥም፤ ክትትሉም ይቀጥላል። የግሸን ማርያምን ስለት መስከረም 21 እኛ እናደርስለታለን፤ ዳገቱ ለእሱ ገና ነው።