ከጣሪያው በፊት ወለሉን

ያንን የድሮ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት አንጋጥጬ ነበር የዋልኩት። ጣሪያው ሩቅ ነው። ጡቡ ያምራል። ክሬኑ የሚሄድበት ሐዲድ እንኳ አልተነቀለም። «ቢራው እዚህ ይጠመቃል፣ ሰውም እዚሁ ቁጭ ብሎ ይጠጣል» አልኩ። ወለሉን በደንብ ያየሁት ውል ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ወለሉ ለዓመታት የማሽን ዘይት ሲጠጣ ኖሯል። የመጀመሪያው ባለሙያ ላይ ላዩን አጥቦ ኤፖክሲ የሚባል፣ ሲደርቅ የሚጠጥር የወለል ቀለም ቀባልን። ሲያዩት መስታወት ነበር። ጠመቃ በጀመርን በጥቂት ሳምንት፣ የፈላ ውሃ የሚደፋበት ቦታ ሁሉ ተነስቶ ተላጠ። ዘይት የጠጣ ኮንክሪት ቀለም አይዝም። በዚያ ላይ ኤፖክሲ ሙቅና ቀዝቃዛ ሲፈራረቅበት አይችልም። ሁሉንም በማሽን ፍቀን ፖሊዩሬቴን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተቀላቀለበት ሲሚንቶ አለበስነው። እሱ እስከ ዛሬ ንክች አላለም።

ተዳፋቱም ሌላ ጣጣ ነው። የወርክሾፕ ወለል ለማሽን ተብሎ ልሙጥ ሆኖ ነው የሚሠራው። ጠማቂ ግን ከሚጠምቅበት ጊዜ የሚያጥብበት ይበልጣል። ለ1 ሊትር ቢራ ከ4 እስከ 7 ሊትር ውሃ ይሄዳል፤ ቢራ የማይሆነው አብዛኛው ውሃ መውጫ ይፈልጋል። በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ እያልን ወደ ቦዩ አወረድነው። ክብደቱንም አስቡት። 2,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ ከ2 ቶን በላይ ነው፤ ያ ሁሉ የሚያርፈው አራት እግር ላይ ነው። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ኮንክሪቱን ቆርጠን እንደገና ሞላን።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ጉድጓዱ ነው። መሐል ላይ ሠራተኛ ገብቶ ማሽን ከሥር የሚጠግንበት፣ በቁመቴ ልክ የሆነ ጉድጓድ ነበር። ጓደኞቼ «ወንበር እናስገባበት፣ ልዩ ቦታ ይሆናል» አሉኝ። እሺ አላልኩም። 1 ሊትር ቢራ ሲብላላ 20 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ጋዙ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል። አይታይም። ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል። እዚያ የሚገባ ሰው ደግሞ መውጫውን ሳያገኝ ራሱን ሊስት ይችላል። አፈርና ድንጋይ ሞልተን ኮንክሪት አፈሰስንበት። የጋዝ መለኪያውንም ከጉልበት ዝቅ አድርገን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ታንከሮቹ ባሉበት ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር ከማንም ጋር አልደራደርም።

ሐዲዱን አልነካሁትም። መብራቶቹን የሰቀልነው እሱ ላይ ነው። እንግዳ ሲገባ ዛሬም እንደ እኔ መጀመሪያ የሚያየው ወደ ላይ ነው፤ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ሩቁ ጥግ ላይ እደፋና ቆሜ አያለሁ። ሳይቆም ቦዩ ውስጥ ከገባ በሩን እከፍታለሁ።