በሙሉ ድምፅ

የአማርኛ መምህር ነኝ። ማታ ማታ አነባለሁ። ደስ ያለኝን ደግሞ በደብተር እገለብጣለሁ። ልማዱ ከኮሌጅ ጀምሮ አብሮኝ አለ፤ እስካሁን አሥራ አንድ ደብተር ሞልቻለሁ። የዲፓርትመንት ተጠሪ የሆንኩ ዓመት ግን ልቦለዱን ሁሉ ወደ ጎን ትቼ የአመራር መጻሕፍት ውስጥ ገባሁ። ስምንት መምህራንን ማስተባበር ከብዶኝ ነበር። አብዛኞቹ በዕድሜም በአገልግሎትም ይበልጡኛል። ምን ብዬ እንደምመራቸው የሚነግረኝ ፈለግኩ።

ከነዚያ አንዱ የስቴፈን ኮቪ መጽሐፍ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ስለ ሰባቱ ልማዶች የሚያወራው። አምስተኛው ልማድ ባጭሩ ሲነገር፣ ሌላው እንዲረዳህ ከመፈለግህ በፊት አንተ ሌላውን ተረዳ ይላል። ይህችን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ። ከጎኗ ቀኑም አለ፤ ጥቅምት 14። የማወራችሁ ስብሰባ የተደረገው በኅዳር ነው። ወር አልሞላም ማለት ነው።

ለስብሰባው ያመጣሁት ሐሳብ ቀላል ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በሴሚስተሩ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብበው ማጠቃለያ ይጽፋሉ። ከመቶው አሥር ማርክ ይያዝለታል። ልጆቹ ልቦለድ ሳይነኩ ክፍል መጨረሳቸው ያንገበግበኝ ነበር፤ አሁንም ያንገበግበኛል። ጊዜው የምሳ ሰዓት ነው፤ ሁሉም ሰዓቱን ያያል። ማንም አልተቃወመም። ከእትዬ በቀር።

እትዬ የምንላቸው ከሁላችንም አንጋፋ የሆኑት መምህርት ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር።

«መጽሐፉ የት አለ?» አሉ። «ላይብረሪ ያለው አራት ኮፒ ነው። እኛ እኮ በፊት ይህን ታሪክ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው የሰማነው። ለልጆቹም ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ...»

«እትዬ፣ እሱን በኋላ እናየዋለን» አልኩና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፍኩ።

ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጽሑፍ ስለምወድ ሥራውን ለማንም አልሰጥም ነበር። ቃለ ጉባኤ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል፤ እጅ ለምዷቸው በራሱ የሚጽፋቸው ዓረፍተ ነገሮች አሉ። «ቤቱ በሰፊው ከተወያየ በኋላ የቀረበውን ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል።» ይህንኑ ጻፍኩ። የእትዬ ጥያቄ የትም የለም። ወረቀቱ በሻይ ሰዓት ዞረ። አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ስኒ ይዞ ፈረመ። እትዬም ፈረሙ። ያነበበው አልነበረም።

በጥር ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ። አንዱ ክፍል ውስጥ ካሉት 63 ተማሪዎች 41ዱ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አጋብተው፣ ልጅ አስወልደው፣ አዲስ አበባ አኑረዋቸዋል። ዓረፍተ ነገሮቹ ሳይቀሩ አንድ ናቸው። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ በዛብህ መንገድ ላይ ሽፍቶች ደብድበውት እንደሚሞት፣ ሰብለም እንደምትመንን ያውቃል። አንድ ልጅ መጨረሻውን ከራሱ ፈጥሯል፤ አርባዎቹ ገልብጠዋል። መጽሐፉ እጃቸው አልገባም።

በዚያው ሳምንት አንድ አባት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መጡ። የቀን ሠራተኛ ናቸው። መንታ ልጆቻቸው በተለያየ ሴክሽን ይማራሉ። «ሁለቱም ግዛልን አሉኝ። አንድ ገዝቼ ተካፈሉ ብላቸው፣ ማስረከቢያችን አንድ ቀን ነው ብለው አለቀሱብኝ» አሉ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ እንኳ አላለም። እስካሁን ፊታቸው ይታየኛል።

ምክትሉ የዲፓርትመንቱን መምህራን ጠሩን። ቃለ ጉባኤው ጠረጴዛቸው ላይ ነበር።

«ይህን ሁላችሁም ተስማምታችሁበታል?»

ዝም አልን። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፊርማው የእኔ ነው፣ ልጄ። ቃሉ ግን የእኔ አይደለም።»

ቁጣ የለበትም። በዚህ ላይ ምንም አልጨመሩም። እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለምክትሉ እዚያው ነገርኳቸው፤ አባትየውንም ይቅርታ ጠየቅኩ። ማርኩ እንዲሰረዝ ተወሰነ።

በዚያ ሰሞን የማነበው የማንዴላን የሕይወት ታሪክ ነበር። ሰውዬው በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዱን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ። ያን ምሽት የያዘኝ ግን ስለ ልጅነቱ የጻፈው ነው። አባቱ ሲሞት ያሳደገው ጆንጊንታባ የሚባል የቴምቡ ሕዝብ ባላባት ነው። ባላባቱ ጉባኤ ሲጠራ ለምን እንደጠራ ይናገርና ዝም ይላል። ሹሙም ገበሬውም ተራ በተራ ይናገራል። ማንም አይቋረጥም። አንዳንዱ ባላባቱን ራሱን ይወቅሳል፤ እሱ ያዳምጣል። የተባለውን ሰብስቦ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ካልተስማሙ ሌላ ጉባኤ ይጠራል። በዚያ ጉባኤ ሴቶች ድምፅ እንዳልነበራቸውም ማንዴላ አልደበቀም።

እዚህች ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኛ ጋ እትዬ ተናግረዋል። ከወረቀቱ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 14ን ገልጬ አየሁ። ቀዩ ጽሑፍ እንዳለ አለ። ብዙ ሰው የአመራር መጽሐፍ ባዶ ወሬ ነው ይላል፤ እኔ አልስማማም። መጽሐፉ የሚለኝን በትክክል ብሎኝ ነበር። ገልብጬው አደርኩ እንጂ ስብሰባ ይዤው አልሄድኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ተሰበሰብን። ጉዳዩን ተናግሬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፤ ሦስት ጊዜ አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩ። እትዬ ያን ቀን ያቋረጥኩባቸውን ጨረሱ። ዓርብ ዓርብ ከአማርኛው ክፍለ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ተወስዶ መምህሩ ያንብብላቸው፤ አራቱ ኮፒ ለመምህራኑ ይበቃል። የወጋየሁ ትረካ ቅጂ ከተገኘም በሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት ይሰማ። አንድ ባልደረባችን ግን ሃያ ደቂቃ ከፖርሽኑ ያስቀረኛል ብሎ አልተስማማም። ሙግቱ ረዘመ። ምሳ ያመለጠው አለ። በመጨረሻ ለአንድ ወር ይሞከር ተባለ፤ እሱ በሐሳቡ ጸና።

ቃለ ጉባኤው ሁለት ገጽ ተኩል ወጣው። ማን ምን እንዳለ ጻፍኩ። ያልተስማማው ለምን እንዳልተስማማም ጻፍኩ። በሻይ ሰዓት አላዞርኩትም፤ እዚያው አነበብኩላቸው።

እትዬ ወረቀቱን ተቀብለው እንደገና ለራሳቸው አነበቡት። «ሐሳብ አቀረቡ» ያልኩትን ሰርዘው «ጠየቁ» አሉት። ከዚያ ፈረሙ።