ዝናቡ ሳይጀምር ከብት ማስገባት

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። በጮቄ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ እንደሚመጣ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጎረቤታችንን ሁለት በሬዎች ባህር ዛፍ ሥር እንደቆሙ መብረቅ ገደላቸው። እረኛው ልጅ ራቅ ብሎ ስለነበር ተረፈ። ዝናቡ ገና ጠብ አላለም ነበር።

እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። እኛም ቤት ከብት የሚገባው ማካፋት ሲጀምር ነበር። መብረቅ ግን ዝናቡ ካለበት 10 ኪሎ ሜትር ርቆም ሊወድቅ ይችላል።

ታናሽ ወንድሜን መቁጠር አስተማርኩት። ብልጭ ሲል ይጀምራል፣ ነጎድጓዱ ሲሰማ ያቆማል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ ቅርብ ነው፤ መግባት ነው። ችግሩ ግን የግጦሹ ቦታ ከቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ቆጥሮ ሲነሳ ማዕበሉ መንገድ ላይ ይደርስበታል። በመጀመሪያው ክረምት ይህን አላሰብኩበትም፤ ልጁ በስብሶ፣ ደንግጦ ገባ። አሁን ረፋዱ ላይ ደመና መከመር ከጀመረ ከብቱ ከቤት አጠገብ ነው የሚውለው። ከሁሉም የጠቀመን ይህ ነው።

ሜዳ ላይ ከተያዘስ? ከዛፍ፣ ከሽቦ አጥርና ከውሃ ይራቅ፣ ከኮረብታ ይውረድ፣ እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል፣ መሬት ላይ ግን አይተኛ። ይህም ቢሆን ቤት እንደመግባት አይሆንም። መብረቅ ዛፍ ሲመታ ኃይሉ በመሬት ላይ ይሰራጫል። የበሬ የፊትና የኋላ እግር ስለሚራራቅ ኃይሉ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልቡን አልፎ ይሄዳል። ሁለቱ በሬዎች አንድ ላይ የወደቁት ለዚህ ይመስለኛል።

ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ቀላል ነበር። አንድ ጊዜ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ተቃጥሎብናል። አሁን ደመናው ሲጠቁር ሶኬቱም የዲሹ ገመድም ይነቀላል። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ማንም ሶኬት አይነካም፤ ይቃጠል ከተባለ ይቃጠል።

እማዬ መብረቅ ሲመጣ መስታወት ትሸፍናለች፣ ቀይ ልብስ ትሰበስባለች። ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ አልተከራከርኳትም። ደጃፍ ላይ ቆማ ዝናቡን ማየት ግን እንድትተው ለመንኳት። «እሺ ልጄ» አለች። አሁን መሃል ቤት፣ ከግድግዳው ራቅ ብላ ትቀመጣለች።

ሰፈሩ ውስጥ ደጋግሜ የምናገረው አንድ ነገር አለ። መብረቅ የመታውን ሰው መንካት ይፈራል። ሰውነቱ ግን ኤሌክትሪክ ይዞ አይቆይም። ትንፋሹ ካቆመ ወዲያው ደረቱን መጫንና ትንፋሽ መስጠት ሊያድነው ይችላል። ሰው እየፈራው መሞት የለበትም።

የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ እንጠብቃለን። ባለፈው ክረምት ፀሐይ ወጥታ ከብቶቹ በረት ውስጥ ይጮሁ ነበር። ጎረቤት «ምን ትጠብቃለህ?» ቢለውም ወንድሜ ሰዓቱን እያየ ቆመ። በ20ኛው ደቂቃ ገደማ ከማዶ ካለው ጋራ ላይ አንድ መብረቅ ወረደ። ወንድሜ ምንም አላለም። እንደ አዲስ ሰዓቱን መቁጠር ጀመረ።