ጽናት መስሎኝ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። እዚህ ሐበሻ ስለሚበዛ ሥራ አይጠፋም። ቃል ግን አንዳንዴ ይጠፋል።

ከዓመታት በፊት ነው። ሰባውን የተሻገሩ እናት ስትሮክ መትቷቸው ተኝተዋል። ታናሽ እህታቸው ነጠላቸውን እንደተከናነቡ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። የነርቭ ሐኪሟ መጣችና ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ «ይህ ምንድን ነው?» አለች።

«እስክሪብቶ» አሉ እማማ።

ቁልፍ አሳየቻቸው። «እስክሪብቶ።» የእጅ ሰዓቷን ስታሳያቸው ትንሽ አሰብ አደረጉና አሁንም «እስክሪብቶ» አሉ።

ቀጥላ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ የሚጠመዘዝ መስመር ሠራችና «ይህን አስመስለው ይሣሉልኝ» አለች። የሶቪየቱ የነርቭ ሊቅ ሉሪያ ይጠቀምበት የነበረ ፈተና ነው። እማማ እርሳሱን ያዙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዙር። እዚያ ላይ አላቆሙም። አራት፣ አምስት፣ ስድስት... እርሳሱ የወረቀቱን ጠርዝ አልፎ አንሶላው ላይ ቀጠለ።

ሐኪሟ ወረቀቱን ቀስ ብላ ወሰደችና ወደ እህትየው ዞራ አንድ ነገር አለች። በመሃሉ «ፐርሰቨሬሽን» የሚል ቃል አለበት። ጆሮዬ የሰማው «ፐርሲቪራንስ» ነው። እኔም ሳላቅማማ «እህትዎ ላይ ጽናት ይታያል» አልኩ።

እህትየው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «እሷማ ድሮም ጠንካራ ናት! ባሏን ደርግ አስሮባት ሦስት ልጅ ለብቻዋ ያሳደገች!» አሉ። ይህንንም እንግሊዝኛ አድርጌ አቀበልኩ። ሐኪሟ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየች። የጉዳት ምልክት ነግራ ደስታ ነው የተመለሰላት።

በእኛ ሥራ ስለ ሌላው ስንናገር «እኔ» እንላለን። ስለ ራሳችን ስንናገር ግን «አስተርጓሚው» ነው። እንግዳ ነገር ነው፤ ግን ይለመዳል። «አስተርጓሚው ያልገባው ቃል አለ፤ እንዲብራራለት ይጠይቃል» አልኩ። ጆሮዬ በእፍረት ጋለ።

አብራራችልኝ። አእምሮ አንድ ቃል ወይም እንቅስቃሴ ከያዘ በኋላ መልቀቅ ያቅተዋል። ጥያቄው ይቀየራል፤ መልሱ ያው ነው። ብዙ ጊዜ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ይታያል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተሳስቼ ነው» ብዬ ከሥሩ ጀምሬ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። «ታዲያ እንዲህ አትለኝም ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «እኔንም ከትናንት ጀምሮ በሟች እህታችን ስም ነው የምትጠራኝ።» ይህን ለሐኪሟ ስነግራት ወዲያው ጻፈችው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ቃሉ አነበብኩ። «ጽናት» ከሚባለው ከ«ፐርሲቪራንስ» ጋር ከአንድ የላቲን ግሥ የተወለዱ እህትማማቾች ናቸው። ሳንድሰንና አልበርት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ፐርሰቨሬሽንን በሦስት ከፍለውታል። እስክሪብቶው አንዱ ነው፤ ማቆሚያ ያጣው ዙር ሌላው። ሦስተኛው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሻገር ሲያቅት ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ለካስ ከዚያ በፊት ስንት ድግግሞሽ ቆርጬ ጥያለሁ! በሽተኛው «ወደ ቤቴ፣ ወደ ቤቴ፣ ወደ ቤቴ» ሲል፣ እንግሊዝኛው እንዲያምር ብዬ አንዴ ብቻ እል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የሕክምና አስተርጓሚዎች ደንብ የተባለውን በትክክል አድርስ ነው የሚለው። ስለ ማሳመር ማንም የነገረኝ የለም።

አማርኛችን ደግሞ ራሱ መደጋገም ይወዳል። «ትንሽ ትንሽ ያመኛል» ያለ ሰው ምንም ነገር አልያዘውም፤ ሰዋስው ነው። እዚህ ጋ ቃል በቃል ከሄድክ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ታደርገዋለህ። ለፐርሰቨሬሽን እስካሁን አንድ ሁነኛ የአማርኛ ቃል አላገኘሁም። «ሐሳብ አንድ ነገር ላይ ተይዞ መደጋገም» እላለሁ፤ ይረዝማል፣ ግን ይገባል።

ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ክፍል ተጠራሁ። እማማ ከምሳቸው የተረፈ ብስኩት ለሐኪሟ ዘርግተዋል።

«ብዪ። ብዪ እንጂ። በሞቴ፣ ብዪ!»

ሦስቱንም አንድ ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ወደ ወረቀቱ ስትሰድ አየኋት።

«አስተርጓሚው ማብራሪያ አለው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ይህኛው በሽታ ላይሆን ይችላል። በእኛ አገር እንግዳ በአንድ ግብዣ አይበላም።»

ሳቀችና እስክሪብቶዋን ኪሷ ከትታ ብስኩቱን ተቀበለች። እማማ ሁለተኛውን ማንሳት ጀምረዋል።