ሐረጎ ላይ በነጭ ፎጣ

ኮምቦልቻ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ከአዲስ አበባ ሌሊት ነው የተነሳነው። ጣርማበር ላይ ብርዱ አንቀጠቀጠን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሹራባችንን አስወለቀን። አውቶቡሱ እስከ ደሴ ይሄዳል። እኔ ግን ወረድኩ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ በሚኒባስ መውጣት ፈልጌ ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እዚህ መስመር ላይ ረዳት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ። በ1990 ክረምት ዘመተ። በየካቲት 1991 ባድመን ለማስመለስ በተደረገው ውጊያ ሞተ። ሃያ ዓመቱ ነበር። እኔ ያኔ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። የማውቀው አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ብቻ ነው። የወታደር ልብስ የለበሰ፣ ጉንጩ የጎደጎደ ልጅ።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ባድመ ላይ ተጀመረ። ሰኔ 1992 ተኩስ ቆመ፣ ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ከሁለቱም ወገን ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። እኛ ቤት ግን ስለ አጎቴ ሲነሳ የሚወራው አሟሟቱ ነበር። መርዶው እንዴት እንደመጣ፣ ማን ቀድሞ እንደጮኸ፣ አስከሬን ስለሌለ ልብሱ ተዘርግቶ እንዴት እንደተለቀሰ። አኗኗሩን የነገረኝ የለም። ይሄ ነገር ሲቆረቁረኝ ኖሯል። ሃያ ዓመት ኖሯል እኮ!

ሚኒባሷ ሞልታ ተነሳን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። ኩርባው አያልቅም። አንዱን ስንዞር ኮምቦልቻ ከነፋብሪካዎቿ ከታች ትታያለች፣ ሌላውን ስንዞር ትጠፋለች። ግማሽ ላይ ስንደርስ ሁሉም መስኮቱን ዘጋ። እኔ በሩን ነበር የማየው። እሱ የቆመው እንዲህ ዓይነት በር ላይ ነው፣ እያልኩ።

አያቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ጠበቀኝ። አጎቴ አብሯቸው ይሠራ የነበሩት የድሮ ሾፌርም መጥተዋል። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። እንድመጣ የጎተቱኝ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ መጥቼ፣ «አጎትህ እኔን ብዙ ቀን ከገደል አትርፎኛል» ብለውኝ ነበር።

«እንዴት ነው ያተረፈዎት፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ መንገድ የለም፣ ልጄ። መብራት ብታበራ ነጭ ግድግዳ ነው። ያኔ ዘሎ ይወርዳል። ነጭ ፎጣውን ትከሻው ላይ ዘርግቶ ከፊቴ ይሄዳል። እኔ ፎጣዋን እያየሁ እነዳለሁ። ፎጣዋ ስትጠፋብኝ ደግሞ ፉጨቱን እሰማለሁ። ፉጨቱ ወደ ቀኝ ከዞረ መንገዱም ወደ ቀኝ ነው። ተሳፋሪው ዱዓውን ይላል፣ እሱ ያፏጫል።»

ዝም አልኩ። ይህን ልጅ አላውቀውም ነበር።

«ሂሳብ ላይ ግን ይዋሸኝ ነበር» አሉ። «ተማሪዎችን በነፃ ይጭንና ወንበሩ ባዶ ነበር ይለኛል። አውቃለሁ። አልናገረውም።»

አያቴ ሳቀች። እሷም የራሷ አላት። ማታ ማታ አንድ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር፣ ስንት ምልልስ እንደሠራ፣ ስንት እንደደረሰው፣ ማን መልስ እንደቀረበት። ደብተሩን ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ኖራለች። ጥቅምት 2014 ጦርነት ደሴ ሲገባ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ሸሸች። ስትመለስ ሳጥኑ የለም። በአንድ ልጅ ሁለት ጦርነት ደረሰባት። ደብተሩን አንድ ቀን እንኳ ሳላነበው መቅረቴ እስካሁን ያናድደኛል። ብዙ ጊዜ መጥቻለሁ፣ ሳጥኑ አጠገብ ተኝቻለሁ፣ ግን አሳይኝ ብዬ አላውቅም።

ለምን ዘመተ? ሁለቱም የሚሉት ብዙ የለም። ጓደኞቹ ሄዱ፣ ሄደ። የገንዘብ ቦርሳውን ለሾፌሩ ሲያስረክብ ሳንቲሙን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ነው የሰጣቸው።

መርዶው ሲመጣ አያቴ ተዝካር አወጣች። ሾፌሩ ደግሞ በራሳቸው ቤት ሰደቃ አወጡለት። ጎረቤቱ ሁለቱም ቤት በላ። የወሎ ሰው ለዚህ አይገረምም፤ እኔ ግን እንዲህ መደረጉን የሰማሁት ገና አሁን ነው።

በሦስተኛው ቡና ላይ ሐምሌ 2010 ተነሳ። አስመራ ላይ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም አያቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ነበር። «ምን ተሰማሽ?» አልኳት። «እዚያ ማዶ ያለች እናት ትዝ አለችኝ» አለች። «የእሷም ልጅ ፎቶ ሆኖ ይሆናል።» ሾፌሩ «አብሽሪ» አሏት፣ ቀስ ብለው። ፍንጃሉን አንስታ ጠጣች።

በማግስቱ ልሄድ ስል ፎቶውን በስልኬ ላነሳው ጠጋ አልኩ። አያቴ ከኋላዬ መጣች።

«ልትጽፍበት ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይህን ጻፍ። ልጄ ወፍራም ነበር። ይሄ ስልጠና ላይ ሆኖ የተነሳው ነው፣ አክስተውት። እኔ ቤት ሳለ ጉንጩ እንዲህ አልነበረም።» በሁለት እጇ የራሷን ጉንጭ ይዛ አሳየችኝ። «ድፎ ዳቦ ስጋግር የታችኛውን፣ የከረረውን ነው የሚወደው። ትኩሱን ይቆርስና ሚኒባሱ ላይ እየበላ ይሄዳል። ወፍራም ነበር በል።»