በስልክ ሲሆን ሌላ ነው

ሰሞኑን ውሎዬ ከክሪፕቶ ዋሌት (ዲጂታል ገንዘብ ከሚያዝበት አፕ) ጋር ሆኗል። ክሪፕቶ ኖሮኝ እንዳይመስላችሁ። ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ዌብ አፕ እየሠራሁ ነው፤ የምሞክረውም ኢቴሪየም የተባለው የክሪፕቶ ሥርዓት መሞከሪያ በሆነው፣ ሴፖሊያ በሚባለው ኔትወርክ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ያለው ሳንቲም ሻይ እንኳ አይገዛም። እኛ አገር ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶ ለክፍያ እንዳልተፈቀደ አስጠንቅቋል፣ እኔም ከዚያ ጋር መጋፋት አልፈልግም።

ኮዱ ብዙ አያስቸግርም። ዋግሚ የሚባል፣ ሪአክት ለተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተዘጋጀ ላይብረሪ (የኮድ ስብስብ) አለ፤ አንዱ ሁክ (ዝግጁ የኮድ ቁራጭ) ዋሌቱን ከገጹ ጋር ያገናኝልሃል፣ ሌላው አድራሻውን ያነብልሃል። ሰውየው ዋሌቱ ውስጥ አካውንት ቢቀይር ገጹ ወዲያው ያውቃል። ድሮ ይሄን ሁሉ በእጃችን ነበር የምንጽፈው። ላፕቶፕ ላይ ሜታማስክ የሚባለው ዋሌት ብቅ ይላል፣ ትፈቅዳለህ፣ አለቀ።

ስልክ ላይ ነው ጉዱ። ቅዳሜ ጣና ዳር ዓሣ አዘን ስንጠብቅ ለአክስቴ ልጅ ሊንኩን ላክሁላት። የስልክ ክሮም ላይ የሜታማስክ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመረው ቅጥያ) የለም፣ ስለዚህ ገጹ ኪውአር ኮድ አወጣላት። ኮዱን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«በምን ላንሳው? ስልኩ እኮ ይኸው እጄ ላይ ነው!»

እውነቷን ነው። ላይብረሪው ኮዱን ያዘጋጀው ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ሰው ነው። አሁን ስልክ ከሆነ ኮዱን ደብቄ የዋሌቱን አፕ በቀጥታ የሚከፍት ሊንክ አስገብቻለሁ።

ዓሣው መጥቶም አላረፍንም። አፑ ውስጥ ፈቅዳ ወደ ገጹ ስትመለስ ክሮም ገጹን እንደ አዲስ ጫነው፣ «ዋሌት አገናኝ» የሚለው በተንም ለቅጽበት ብልጭ አለ። እሷ ደግሞ ፈጣን ናት፣ በተኑን ደግማ ነካችው። ሁኩ የሚነግርህ ሁኔታ እኮ አራት ነው፦ ተገናኝቷል፣ አልተገናኘም፣ እየተገናኘ ነው፣ ዳግም እየተገናኘ ነው። በየቦታው የማየው የኮድ ምሳሌ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ይጠይቅና ያልፋል። ጣጣው ያለው አራተኛው ላይ ነው። እሱ እስኪያልቅ ድረስ በተኑን አላሳይም፤ «ትንሽ ይጠብቁ» ይላል።

ሌላው ያናደደኝ ነገር፣ ሰው ዋሌቱ ላይ «አልፈቅድም» ሲል 4001 የሚል የስህተት ቁጥር ይመጣል፣ ገጹም በቀይ ይጮኻል። እምቢ ማለት መብቱ አይደል እንዴ? ቀዩን አጠፋሁት። በተኑ ዝም ብሎ ወደነበረበት ይመለሳል።

«ገንዘቤን ያዩብኛል?» አለችኝ እጇን እየተለቃለቀች። ያያሉ። አድራሻህን ያወቀ ሁሉ ያለህን ማየት ይችላል፤ ኢቴሪየም ለማንም ክፍት መዝገብ ነው። መንካት ግን አይችሉም፣ ራስህ ዋሌቱ ላይ ካላጸደቅክላቸው በቀር። ዋሌቱ ሲከፈት የተሰጡህን 12 ሚስጥራዊ ቃላት ደግሞ የጠየቀህ ገጽ ሁሉ ሌባ ነው።

ማታ ይሄንኑ ከበተኑ ሥር ጻፍኩት። ደንበኛው «ጽሑፉ ገጹን አጨናነቀው፣ አሳጥረው» አለኝ። አሳጠርኩት። ስለ 12ቱ ቃላት የሚለውን ግን አልነካሁትም፤ እሱ ላይ እንከራከራለን።