ዘጠና ሰከንድ

ዛሬ ከኦፕሬሽን ክፍል የወጣሁት ከመሸ ነው። እግሬ ዝሏል፣ እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ታካሚው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያለባቸው አዛውንት ናቸው። ቧንቧውን ካወጣን በኋላ የምንተካው በራሳቸው ጨጓራ ነው። ጨጓራው በስቴፕለር (እየቆረጠ በሚሰፋ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ) ተቆርጦ ቀጭን ቱቦ ይሆንና ወደ ደረት፣ አንዳንዴም እስከ አንገት ተስቦ ከተረፈው ቧንቧ ጋር ይሰፋል። ሲወራ ቀላል ነው። ጣጣው ያለው ደሙ ላይ ነው። ጨጓራ ደህና በሆነበት ጊዜ ከብዙ አቅጣጫ ደም ያገኛል። እኛ ግን ወደ ላይ እንዲሳብልን ብለን አብዛኞቹን የደም ሥሮች እንቆርጣቸዋለን። ቱቦው በዋናነት የሚኖረው በቀኝ በኩል ተነስቶ የጨጓራውን ትልቁን ጠርዝ ይዞ በሚሄድ አንድ ደም ወሳጅ ሥር ነው። እሱም እስከ ጫፉ አይዘልቅም። የመጨረሻዎቹ ሴንቲሜትሮች ግድግዳው ውስጥ ባሉ ፀጉር በሚያካክሉ ሥሮች ነው የሚተርፉት። ስፌቱ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ጫፍ አካባቢ ነው። ስፌቱ ካፈሰሰ ምራቅና ምግብ ደረት ውስጥ ይገባል፤ ሰው ይሞትበታል።

የዛሬውን ቱቦ ሳየው ደስ አለኝ። ሮዝ ነው፣ በጣት ሲነካ ሞቅ ይላል። የምሰፋበትን ቦታ በዓይኔ መርጬ ጨርሻለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ደሙ የት ድረስ እንደሚደርስ በካሜራ የሚያሳየንን ቀለም ሳናስወጋ ብናልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ሰዓቱ ሄዷል፣ ሁላችንም ደክመናል። ግን ለምዶብኛል።

«ግፊታቸው እንዴት ነው?» ብዬ የሰመመን ሐኪሟን ጠየቅኳት። ግፊት ከወረደ ደሙም ይዘገያል፤ ያኔ ጥፋቱን በከንቱ ቱቦው ላይ እንለጥፋለን።

«ጥሩ ነው፣ ቀጥል» አለችኝ።

ቀለሙ፣ ኢንዶሳያኒን ግሪን የሚባለው፣ በደም ሥር ተሰጠ። ስክሪኑ በደንብ እንዲታይ የክፍሉን መብራት አጠፋን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ስክሪኑ ላይ የምናየው አረንጓዴ የእውነት አረንጓዴ አይደለም። መድኃኒቱ ብልቃጡ ውስጥ አረንጓዴ ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኢንፍራሬድ ብርሃን ሲያርፍበት የሚመልሰው ብርሃን ግን 830 ናኖሜትር አካባቢ ነው። የሰው ዓይን እዚያ አይደርስም። ካሜራው ያየዋል፣ ኮምፒውተሩ አረንጓዴ ይቀባዋል። ለተማሪዎች ይህን ስነግራቸው የተሸወዱ ያህል ቅር ይላቸዋል። ቀለሙን የሠራው ደግሞ የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1950ዎቹ። መጀመሪያ ያገለገለውም የልብንና የጉበትን ሥራ ለመለካት ነበር። ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በየሦስት አራት ደቂቃው በግማሽ እየቀነሰ በጉበት በኩል ወደ ሐሞት ይወጣል።

የእኛ ቆጠራ ከመርፌው አይጀምርም። ያ ዋናው ሥር ከመነሻው ቦግ ሲል ነው የሚጀምረው። ጃፓናውያን ሐኪሞች ያወጡት የ90 ሰከንድ ልክ አለ፤ ስፌቱ የሚያርፍበት ቦታ በዚያ ጊዜ ውስጥ መብራት አለበት።

ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም) ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አረንጓዴው ውሃ ጨርቅ ላይ እንደሚሰርገው እያለ ወደ ላይ ወጣ። ሠላሳ፣ አርባ። ከዚያ ቀስ አለ። ስልሳ ላይ እኔ የመረጥኩት ቦታ ጨለማ ነው። ዘጠና ላይም ጨለማ ነው። ማንም አልተናገረም። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ደብዘዝ ያለ ነገር ብቅ አለ።

«በራ እኮ ዶክተር!» አለ ሬዚደንቱ። ልጁ ክፋት የለውም፣ እኔን ደስ ሊያሰኘኝ ነው። እኔም ልቤ «በቃ፣ በራ» ማለት አምሮት ነበር። ግን ብዙ ከጠበቁት ጨለማ የነበረውም ቦታ ሊበራ ይችላል። ካሜራውን ካስጠጉትም ይደምቃል፣ ካራቁት ይፈዛል። ድምቀቱ ያታልላል። ሰዓቱን ማታለል ግን ይከብዳል።

4 ሴንቲሜትር ወደ ታች ወረድኩ። ወጪ አለው፤ ቱቦው ያጥራል፣ ያጠረ ቱቦ ይወጠራል፣ የተወጠረ ስፌት ደግሞ ይፈታል። ስለዚህ ተመልሰን የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ከኋላ ካለው መደቡ ነፃ አውጥተን ርዝመት ለቃቀምን። ሌላ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ይህን ስጽፍ ሌላ በሽተኛ ትዝ አሉኝ። የእሳቸው ቱቦ በ40 ሰከንድ እስከ ጫፉ ቦግ ብሎ ነበር። አጨብጭበናል ማለት ይቻላል። በስድስተኛው ቀን ስፌቱ አፈሰሰ። ቪዲዮውን ስንቴ እንደደጋገምኩት አላውቅም፤ አንድም ጨለማ ቦታ አላገኘሁበትም። ካሜራው ያሳየኝ በዚያች ደቂቃ ደሙ መድረሱን ብቻ ነው። ደሙ በደም መላሹ በኩል መመለስ ከብዶት እንደሆነ፣ ወጥረነው እንደሆነ፣ ሌሊቱን ግፊታቸው ሲወርድ ምን እንዳጋጠመው ምኑን አይቶ ይነግረኛል? ከዚያ ወዲህ «እዚህ አትስፋ» ሲለኝ እሺ እላለሁ። «ስፋ» ሲለኝ ግን ደግሜ በእጄ እነካዋለሁ፣ ደግሜም እጠራጠራለሁ።

ዛሬ የቆረጥነው ጫፍ ትሪው ላይ ተቀምጦ ነበር። መብራቱ ሲመለስ አየሁት። አሁንም ሮዝ ነው። ሲስተር «ይኼ ደህና አይመስልም እንዴ?» አለችኝ። ይመስላል። እሷ የናሙና ዕቃው ውስጥ ስትከተው እንኳ ዓይኔን መንቀል አቅቶኝ ነበር።

ከመውጣቴ በፊት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ጎራ አልኩ። አዛውንቱ ነቅተዋል። በእጃቸው ውሃ ብለው ጠቆሙኝ።

«አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡን» አልኳቸው። ነርሷ ከንፈራቸውን በረጠበ ጎዝ ዳበሰችላቸው። ስፌት ማፍሰስ ሲጀምር አንዳንዴ ከትኩሳቱ ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምት ነው። የእሳቸው 88 ነበር። ነገ ጠዋት ከቡና በፊት የማየው ይህንኑ ቁጥር ነው።